ኤልብሪጅ ጌሪ፦ ስሙ ከምርጫ ካርታ ጋር ስለተጣበቀው የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወሮቹንም ከእኛዎቹ ጋር እንዳይምታቱ በአውሮፓ ስማቸው ጠርተናቸዋል።

ጌሪ በአጭሩ ማን ነበር?

ኤልብሪጅ ጌሪ ጁላይ 17 ቀን 1744 በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ ከተማ በማርብልሄድ ተወለደ። አባቱ የዓሣ ቋንጣ እየጫነ ወደ ስፔንና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚልክ ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ልጁም ሃርቫርድ ተምሮ በ1762 ከተመረቀ በኋላ ወደዚያው ንግድ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር ረጅም ነው፦ የአህጉራዊው ኮንግረስ አባል፣ የነጻነት አዋጁ ፈራሚ፣ የ1787ቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተወካይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮንግረሶች አባል፣ የፈረንሳይ ልዑክ፣ ሁለት ዓመት የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ፣ በመጨረሻም በጄምስ ማዲሰን ሥር ምክትል ፕሬዚዳንት። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚያስታውስለት በፌብሩዋሪ 1812 የፈረመውን አንድ ሕግ ብቻ ነው።

ስሙ «ጌሪ» ነው ወይስ «ጄሪ»?

ሰውየው ጌሪ ነው፤ በ«ገ»። ከስሙ የወጣው፣ የምርጫ ክልልን ለአንድ ፓርቲ እንዲያደላ አጣሞ ማስመር ማለት የሆነው ቃል ግን ዛሬ በአሜሪካ በአብዛኛው «ጄሪማንደር» ተብሎ ነው የሚነገረው፤ በ«ጀ»። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ፊደል ስለሚጽፍ አንባቢው ስቶ ቃሉን አጣመመው፤ የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ በአማርኛ ስትጽፉ ሰውየውን ጌሪ፣ ድርጊቱን ጄሪማንደር በሉ። በማርብልሄድ ዛሬም ቃሉን በ«ገ» ካልጠራችሁ የሚያርማችሁ ሰው አይጠፋም።

ከነጋዴነት ወደ ፖለቲካ እንዴት ገባ?

በ1772 ማርብልሄድን ወክሎ ለቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። እዚያ ሳሙኤል አዳምስን ተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ሙግት ሁሉ ከአዳምስ ጎን ቆመ። ጦርነቱ ሲቃረብ ሥራው የሚያውቀው ሥራ ሆነ፤ ባሩድ፣ ምግብና ድንኳን ማቅረብ። በውጭ አገር የንግድ ደንበኞች ስለነበሩት ባሩዱን ከየት፣ በማን መርከብ እንደሚያስመጣ ያውቅ ነበር።

ኤፕሪል 18 ቀን 1775 ሌሊት ከሁለት የማርብልሄድ ባልደረቦቹ፣ ከጀረማያ ሊና ከኤዞር ኦርን ጋር፣ ሜኖቶሚ በሚባለው መንደር (የዛሬው አርሊንግተን) መጠጥ ቤት አድሮ ነበር። ወደ ሌክሲንግተን የሚገሰግሰው የእንግሊዝ ጦር ቤቱን ሲፈትሽ ሦስቱ የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ በጓሮ ወጥተው እርሻ ውስጥ መሬት ላይ ተጋደሙ። ሌሊቱ ብርዳማ ነበር፤ ሊ ታሞ በሚቀጥለው ወር ሞተ። ጌሪ ተረፈ።

የነጻነት አዋጁን የፈረመው ጁላይ 4 ነው?

አይደለም። ብዙዎቹ ፈራሚዎች የፈረሙት ኦገስት 2 ቀን 1776 ሲሆን ጌሪ በዚያን ዕለት ከፊላደልፊያ ወጥቶ ነበር። እንዲያውም በጁላይ ወር ለሳሙኤልና ለጆን አዳምስ በጻፈው ደብዳቤ፣ አዋጁ የሚፈረም ከሆነ በእሱ ስም እንዲፈርሙለት ለምኗቸዋል። ይህ አልተፈቀደም፤ ሲመለስ ራሱ ፈረመ።

ከፊርማው ጋር የሚያያዝ አንድ ወሬ አለ፤ ያቆየልን ሌላው ፈራሚ ቤንጃሚን ረሽ ነው። የቨርጂኒያው ቤንጃሚን ሃሪሰን ግዙፍ ሰው ነበር፤ ጌሪ ደግሞ ቀጭንና ትንሽ። ሃሪሰን «ሁላችንም በገመድ ስንሰቀል እኔ ከክብደቴ የተነሣ ወዲያው እገላገላለሁ፤ አንተ ግን ቀላል ስለሆንክ አንድ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ትጨፍራለህ» አለው ይባላል። ቀልዱ ጨለማ ነው፤ ሲፈርሙ ግን የአገር ክህደት ቅጣት ስቅላት መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር።

ሕገ መንግሥቱን ለምን ሳይፈርም ቀረ?

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 በአዳራሹ ውስጥ ተገኝተው አንፈርምም ያሉት ሦስት ናቸው፦ ከቨርጂኒያ ጆርጅ ሜሰንና ኤድመንድ ራንዶልፍ፣ ከማሳቹሴትስ ጌሪ። ጌሪን «ሕገ መንግሥት ጠል» የሚያደርጉት ግን ተሳስተዋል። ጉባኤው በትላልቅና በትናንሽ ግዛቶች ጠብ ሊበተን ሲደርስ ማስታረቂያውን ያረቀቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነበር፤ በተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ በሴኔት እኩል ድምፅ የሚለው ስምምነት ከዚያ ኮሚቴ ወጣ። ጁላይ 16 ድምፅ ሲሰጥ የማሳቹሴትስ አራት ተወካዮች ሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ከጌሪ ጋር የደገፈው ኬሌብ ስትሮንግ ነበር። ይህን ስም ያዙት፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ይመለሳል።

ተቃውሞው ምን ነበር? ዋናው የመብቶች ድንጋጌ አለመኖሩ ነው። ሴፕቴምበር 12 ድንጋጌውን የሚያረቅ ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሜሰን ደገፈው፤ ግዛቶቹ ግን አንድም ሳይቀር ተቃወሙት። ከዚህ ሌላ ምክትል ፕሬዚዳንቱ የሴኔት ሰብሳቢ መሆኑን አልወደደም። አስፈጻሚው እጁን ወደ ሕግ አውጪው ያስገባል ብሎ ነበር የተከራከረው፤ በኋላ ያንኑ ወንበር ራሱ ተቀመጠበት።

ታዲያ አዲሱ መንግሥት ሲቋቋም ምን አደረገ?

ገባበት። ከ1789 እስከ 1793 በተወካዮች ምክር ቤት ተቀመጠ፤ የጠየቀው የመብቶች ድንጋጌም እሱ ባለበት ምክር ቤት አለፈ። የአሌክሳንደር ሃሚልተንን ብሔራዊ ባንክ ደግፏል፤ ይህ በኋላ ከተቀላቀለው ፓርቲ አቋም ጋር አይገጥምም። በአንድ ሳጥን የሚከተት ሰው አልነበረም።

የፈረንሳዩ ጉዳይ ለአገረ ገዥነቱ ምን አገናኘው?

ፓርቲ ያስለወጠው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በ1797 ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ጌሪን ከጆን ማርሻልና ከቻርልስ ኮትስዎርዝ ፒንክኒ ጋር ወደ ፓሪስ ላከው። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌራን በአማላጆቹ በኩል ጉቦና ብድር ጠየቀ፤ ጉዳዩ በአሜሪካ ሲወጣ አማላጆቹ በስማቸው ፈንታ በፊደላት ብቻ ስለተጠሩ «የኤክስ ዋይ ዚ ጉዳይ» ተባለ። በ1798 ጸደይ ማርሻልና ፒንክኒ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ጌሪ ቀረ፤ ታሌራን አንተም ከሄድክ ጦርነት ነው ብሎት ነበር።

ፌዴራሊስቶቹ፣ ማለትም ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥትን የሚደግፈው ፓርቲ ሰዎች፣ ይህን ክህደት አሉት፤ ኬምብሪጅ በሚገኘው ቤቱ ደጅ ምስሉን እስከ ማቃጠል ደረሱ። አዳምስ ግን ጌሪ ይዞት የመጣው መረጃ ፈረንሳይ በእርግጥ ሰላም እንደምትፈልግ እንዳሳየው ኋላም ሲናገር ኖሯል፤ በ1800 ስምምነት ተፈረመ። ጌሪ ከፌዴራሊስቶቹ ጋር እንደገና አልታረቀም፤ ቀስ በቀስ ወደ ጄፈርሰን ወገን፣ ወደ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊካኖቹ ሄደ። የዛሬዎቹ ሁለት ፓርቲዎች ስም በአንድ ላይ ስላለበት ግራ እንዳይገባችሁ፤ ከዚህ በታች በአጭሩ ሪፐብሊካን የምንላቸው እነዚያን ነው።

አገረ ገዥ ለመሆን ስንት ጊዜ ተወዳደረ?

ስምንት ጊዜ፤ ያሸነፈው ሁለቴ ነው። በ1788 በጆን ሃንኮክ ተሸነፈ። ከ1800 እስከ 1803 በተከታታይ አራት ዓመት ቀርቦ አራቱንም ጊዜ የረታው ያ ኬሌብ ስትሮንግ ነው። በ1810 ክሪስቶፈር ጎርን በ2,500 ድምፅ ግድም ብልጫ አሸነፈ፤ በ1811 ያንኑ ሰው ደገመው። በ1812 ስትሮንግ ከጡረታ ወጥቶ መጣና ከ1,400 ባነሰ ድምፅ አሸነፈው።

ምርጫው በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ስለነበር ነው ቁጥሩ የበዛው። አገረ ገዥው ሥራውን ለምዶ ሳይጨርስ ዘመቻ ይመጣበታል። ጌሪ ሁለት የሥልጣን ዘመን ገዛ የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ሁለት ዓመት ማለት መሆኑን አትርሱ።

ማን ይመርጥ፣ ማንስ ይመረጥ ነበር?

በ1780ው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት መሠረት መራጩ 21 ዓመት የሞላው ወንድ ሆኖ፣ በዓመት 3 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ወይም 60 ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ሊኖረው ይገባል። አገረ ገዥ የሚሆነው ደግሞ ሰባት ዓመት በግዛቱ የኖረ፣ 1,000 ፓውንድ የሚያወጣ ርስት ያለውና ክርስቲያን መሆኑን የሚያረጋግጥ መሆን አለበት። ዛሬ የሜይን ግዛት የሆነው ምድር እስከ 1820 የማሳቹሴትስ አካል ስለነበር የሜይን ሰዎችም በእነዚህ ምርጫዎች ድምፅ ሰጥተዋል። የ1812ን ቁጥሮች ከዛሬው የማሳቹሴትስ ካርታ ጋር የሚያመሳክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የአገረ ገዥው ሥልጣን እስከ የት ነበር?

በዚያን ዘመን ከነበሩት ገዥዎች ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው። ዳኞችን፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉንና የየአውራጃውን ሸሪፍ ከአማካሪ ምክር ቤቱ ጋር ሆኖ ይሾማል። ምክር ቤቶቹ ያወጡትን ሕግ ሳይፈርም ከነተቃውሞው መመለስ ይችላል፤ የተመለሰው ሕግ የሚጸናው በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ብቻ ነው። ይህን የመመለስ ሥልጣን ልብ በሉት።

በሁለቱ ዓመታት ምን ሠራ?

የመጀመሪያው ዓመት ጸጥ ያለ ነበር። እርቅ ሰበከ፤ ፌዴራሊስት ሹማምንትንም ከቦታቸው አልነቀለም። በ1811 ጸደይ የቦስተን ፌዴራሊስቶች ፋንዩል አዳራሽ ተሰብስበው ከእንግሊዝ ጋር ንግድን የሚገድበውን የፌዴራል ሕግ አምባገነናዊ ነው ብለው ሲያወግዙ ጌሪ ነገሩን እንደ አመፅ አየው። ከዚያ በኋላ ያለው ጌሪ ሌላ ሰው ነው። ፌዴራሊስቶችን ከሹመት አወረደ፤ የፍርድ ቤቶቹ አደረጃጀት ተለወጠና አዲሶቹ ወንበሮች በወዳጆች ተሞሉ፤ በ1812 መጀመሪያም በቦስተን ጋዜጦች የወጡ የስም ማጥፋት ጽሑፎች በዐቃቤ ሕጉ አስቆጥሮ ዝርዝሩን ለምክር ቤት አቀረበ። ጋዜጠኛን ስድብህን ቆጥሬብሃለሁ ማለት ሌላ ስድብ መጋበዝ ነው፤ የሆነውም ይኸው ነው።

መልካም የሚባልም አለ። በ1811 የወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ፣ ባፕቲስቶችና ሌሎች ትናንሽ ማኅበረ ምእመናን የሚከፍሉት የሃይማኖት ግብር ለከተማው ዋና ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ቀርቶ ለራሳቸው አገልጋይ እንዲውል ፈቀደ።

የ1812ቱ የሴኔት ካርታ እንዴት ተሠራ?

መጀመሪያ ቀድሞ የነበረውን እንይ። የማሳቹሴትስ ሴኔት 40 መቀመጫ ነበረው። መቀመጫዎቹ ለየምርጫ ክልሉ የሚደለደሉት በሕዝብ ብዛት ሳይሆን ክልሉ በሚከፍለው ግብር መጠን ነው፤ አንድ ክልል ከስድስት በላይ ሊያገኝ አይችልም። በልማድ አንድ አውራጃ አንድ የምርጫ ክልል ነበር። አውራጃው አምስት መቀመጫ ካለው በመላው አውራጃ ብልጫ ያገኘው ፓርቲ አምስቱንም ይወስዳል። ከቦስተን በስተሰሜን ያለው የኤሴክስ አውራጃ አምስት ፌዴራሊስቶችን የላከው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አሮጌው አሠራር ፍትሐዊ ነበር፣ ጌሪ አበላሸው የሚለው ትረካ ግማሽ እውነት ነው።

ሪፐብሊካኖቹ ያደረጉት አውራጃውን መሰንጠቅ ነው። በኤሴክስ ዙሪያውን ያሉትን ከተሞች እንደ ቀለበት ያዙ፦ ከደቡብ ከቼልሲ ተነሥቶ በሊን፣ በማርብልሄድ፣ በሴለም፣ በዳንቨርስ፣ በሊንፊልድ፣ በሚድልተን፣ በአንዶቨር፣ በመሱዌን፣ በሄቨርሂልና በአምስቤሪ አድርጎ ባሕሩ ዳር ሳልስቤሪ ላይ ያበቃል። አሥራ ሁለት ከተማ። ቼልሲ እንዲያውም የኤሴክስ አይደለችም፤ ከቦስተን አውራጃ ከሰፎክ ተቆርጣ ነው የተለጠፈችው። በቀለበቱ መሐል እንደ ኒውበሪፖርትና ኢፕስዊች ያሉ የፌዴራሊስት ከተሞች ቀሩ። ለቀለበቱ ሦስት፣ ለመሐሉ ሁለት መቀመጫ ተሰጠ።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ በትንሽ ምሳሌ ብናየው ይቀላል። አውራጃው 1,000 መራጭና 5 መቀመጫ አለው እንበል፤ 520ው ፌዴራሊስት፣ 480ው ሪፐብሊካን ነው። በአሮጌው መንገድ ፌዴራሊስት 5 ለ 0 ያሸንፋል። አሁን 600 መራጭና 3 መቀመጫ ያለው ቀለበት ሠርታችሁ 340 ሪፐብሊካንና 260 ፌዴራሊስት አስገቡበት። መሐሉ 400 መራጭና 2 መቀመጫ ይቀረዋል፤ 260 ፌዴራሊስት፣ 140 ሪፐብሊካን። ማንም አሳቡን አልለወጠም፤ ውጤቱ ግን ሪፐብሊካን 3፣ ፌዴራሊስት 2 ሆነ። በጠቅላላው የሚያንሰው ወገን በመቀመጫ በለጠ። መሐል ላይ የታጨቁት ፌዴራሊስቶች ለማሸነፍ ከሚያስፈልጋቸው በላይ የሰጡት ድምፅ ሁሉ በከንቱ ፈሰሰ።

ጌሪ ሕጉን የፈረመው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1812 ነው።

ካርታው በእርግጥ ሠራ?

ለሴኔቱ ሠራ። በኤፕሪሉ ምርጫ ፌዴራሊስቶች 51,766 ድምፅ፣ ሪፐብሊካኖች 50,164 ድምፅ አገኙ። መቀመጫው ሲቆጠር 29 ለሪፐብሊካኖች፣ 11 ለፌዴራሊስቶች ሆነ። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘው ወገን ከመቀመጫው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አልደረሰውም።

ለጌሪ ግን አልሠራም። አገረ ገዥ የሚመረጠው በመላው ግዛት ድምፅ ነው፤ መስመር በማጣመም የሚቀየር ነገር የለውም። በዚያው ምርጫ ወደቀ። የተወካዮች ምክር ቤቱም ለፌዴራሊስቶች ሄደ፤ እሱ የሚመረጠው በየከተማው ስለሆነና የከተማ ወሰን በምርጫ ሕግ ስለማይነካ ካርታ ሠሪው እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አልነበረም።

ዘንዶ የሚመስለውን ሥዕል ማን ሣለው?

ያንን የኤሴክስ ቀለበት አውሬ አስመስሎ ያፌዘበት ሥዕል ማርች 26 ቀን 1812፣ ከምርጫው በፊት ቀናት ሲቀሩት፣ በቦስተን ጋዜት ወጣ። ሠዓሊው ኤልካና ቲስዴል መሆኑ ይታመናል። ስለ ቃሉ አፈጣጠር የሚነገረው በየተራኪው ይለያያል፤ ታዋቂው የሰው ምስል ሠዓሊ ጊልበርት ስቱዋርት ካርታው ላይ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ «ሳላማንደር ነው» አለ፣ ሌላው «ጌሪማንደር በለው» ብሎ መለሰ የሚለው በሰፊው ቢደገምም ማስረጃ የለውም። ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል ፍጥረት ነው፤ የድሮ ሰዎች እሳት ውስጥ ይኖራል ይሉ ነበር።

ሥዕሉን አጥብቃችሁ ብታዩት የከተሞቹ ስም በየአካሉ ላይ ተጽፏል። ጭንቅላቱ በሰሜን ጫፍ አፉን ከፍቷል፤ ጀርባው ላይ ክንፍ፣ ታች ጥፍር አለው። ካርታው ራሱ ያን ያህል አስፈሪ አይደለም፤ ክንፉን፣ ጥፍሩንና ጥርሱን የጨመረው ሠዓሊው ነው።

ጌሪ ራሱ ሕጉን ይደግፈው ነበር?

አላረቀቀውም። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አማቹ ጄምስ ኦስቲን፣ ጌሪ ነገሩ እጅግ እንዳልተዋጠለትና ሊመልሰው አስቦ እንደነበር ይነግረናል። አማች ስለ አማቱ የጻፈውን በጥንቃቄ መቀበል ነው። ሆኖም እውነት ቢሆን እንኳ የሚያድነው አይመስለንም፤ ይበልጥ ያስወቅሰዋል። ሕጉን የመመለስ ሥልጣን ነበረው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ከጆርጅ ዋሽንግተን ፊት ቆሞ «አልፈርምም» ያለ ሰው፣ በራሱ ቢሮ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ያመጡለትን ወረቀት ፈረመ። ስሙ በካርታው ላይ መቅረቱ አግባብ አይደለም የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኛ ከእነሱ ጋር አንስማማም።

ካርታው ስንት ጊዜ ቆየ?

ብዙ አልቆየም። የዚህ ዓይነት ካርታ ደካማ ጎኑ ከምሳሌያችን ይታያል፦ ብዙ መቀመጫ ለማግኘት ሲባል በየክልሉ ያለው ብልጫ ቀጭን እንዲሆን ይደረጋል። ከቀለበቱ 340 ደጋፊዎች 41ዱ ልባቸውን ካዞሩ ሦስቱም መቀመጫ ይሄዳል። ጁን 18 ቀን 1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ታወጀ፤ በንግድ መርከብ የሚኖረው የማሳቹሴትስ ሕዝብ ደግሞ ጦርነቱን ጠላው። በ1813 ፌዴራሊስቶች በዚያው በጠላቶቻቸው ካርታ ላይ አሸንፈው ሴኔቱን ያዙና ሕጉን ሻሩት።

ይህን የጀመረው ጌሪ ነው?

ስሙን ሰጠው እንጂ አልጀመረውም። ለመጀመሪያው የአሜሪካ ኮንግረስ ምርጫ በቨርጂኒያ የፓትሪክ ሄንሪ ወገኖች ጄምስ ማዲሰንን ለመጣል ክልሉን በተቃዋሚ አውራጃዎች እንደሞሉት ይነገራል። ማዲሰን በ1789 መጀመሪያ ጄምስ ሞንሮን 1,308 ለ 972 አሸንፎ ገባ።

በሽንፈት ማግሥት እንዴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ?

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ክሊንተን ኤፕሪል 1812 ሞተ። ለማዲሰን ሁለተኛ ዘመን መጀመሪያ የታጨው የኒው ሃምፕሸሩ ጆን ላንግደን ሽማግሌ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ፣ ጦርነቱን የሚደግፍ ሰው ይፈለግ ነበር፤ ጌሪ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ማዲሰን 128 የወኪል መራጮች ድምፅ ሲያገኝ ጌሪ 131 አገኘ፤ ትርፎቹ ሦስት ድምፆች ሁለቱ ከማሳቹሴትስ፣ አንዱ ከኒው ሃምፕሸር የመጡ ናቸው።

በሴኔት ሰብሳቢነቱ የሚጠቀስለት አንድ ግትርነት አለ። በልማድ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጉባኤው ሊዘጋ ሲል ወንበሩን ይለቅና ሴኔቱ ጊዜያዊ ሰብሳቢ ይመርጣል። በ1813 ማዲሰን በጠና ታሞ ስለነበርና በሕጉ ከምክትሉ ቀጥሎ ሥልጣን የሚወርሰው ጊዜያዊው ሰብሳቢ ስለሆነ፣ ጌሪ የማዲሰን ጠላት እንዳይመረጥ ብሎ ከወንበሩ አልነሣም አለ።

እንዴት ሞተ? የተቀበረውስ የት ነው?

ኖቬምበር 23 ቀን 1814፣ በ70 ዓመቱ፣ ወደ ሴኔት ሲሄድ በሠረገላ ውስጥ ታመመና ወዲያው ሞተ። ሀብቱ ተመናምኖ ነበር። ሴኔቱ የቀረው ደመወዝ ለሚስቱ ለአን ይከፈል ብሎ ወሰነ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን አልተቀበለውም። ኮንግረስ የመቃብሩን ሐውልት ወጪ ችሏል። አን እስከ 1849 ኖራለች፤ ከነጻነት አዋጁ ፈራሚዎች ሚስቶች መጨረሻ የሞተችው እሷ ናት።

የተቀበረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ባለው የኮንግረስ መቃብር ነው። ከነጻነት አዋጁ ፈራሚዎች በዋና ከተማዋ የተቀበረው እሱ ብቻ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያላችሁ በሜትሮ ስታዲየም አርመሪ ወይም ፖቶማክ አቬኑ ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር መድረስ ትችላላችሁ። ኬምብሪጅ የነበረው ቤቱ ኤልምውድ ዛሬም አለ፤ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንቶች መኖሪያ ስለሆነ ከደጅ ብቻ ነው የሚታየው።

የዛሬው ጄሪማንደር በሕግ የተከለከለ ነው?

እንደ ዓላማው ይለያያል። መራጮችን በዘር ለይቶ ክልል ማስመር በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላል። ለፓርቲ ጥቅም ሲባል የሚደረገውን ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 27 ቀን 2019 በ5 ለ 4 ድምፅ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አያዩትም ብሎ ወስኗል፤ ከክርክሮቹ አንዱ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሜሪላንድ የመጣ ነበር። ጉዳዩ ለየግዛቱ ሕገ መንግሥትና ፍርድ ቤት ተተወ። ቨርጂኒያ በ2020 በሕዝብ ድምፅ የክልል አስማሪ ኮሚሽን አጽድቃ ነበር።

የልጆች ጥበቃ ማኅበር ያቋቋመው ኤልብሪጅ ጌሪስ?

እሱ የልጅ ልጁ ነው፤ ኤልብሪጅ ቶማስ ጌሪ፣ የኒውዮርክ ጠበቃ። ፎቶግራፍ ያለው ጌሪ ካያችሁ የልጅ ልጁ ነው፤ አገረ ገዥው የሞተው ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት ነው።